ማሞቂያው በኃይል እየነፈሰ ካቢኑ ለምን አይሞቅም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ አካባቢ ይኖራሉ። ሌላ ሰው ጋራዡ ውስጥ ሠርቶ የጨረሰውን አርቪ-9ኤ አውሮፕላን ገዝተዋል። ሞተሩ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ላይኮሚንግ ኦ-320 ነው። «ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ስስበው ንፋሱ በኃይል ይመጣል፤ ግን ለብ ያለ ነው። የባለቤቴ ጉልበት በረዶ ይሆናል። እኔን ደግሞ ከኋላ ማጅራቴን ብርድ ይመታኛል። ሰመር ላይ በተቃራኒው ዘግቼውም ትኩስ አየር ይገባል። አንድ ወዳጄ የአየር ማስገቢያውን አስፋውና ወፍራም ቱቦ አድርግበት አለኝ። ልስማው?»

አይስሙት። ወዳጅዎ ክፉ አላሰቡም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን ከገለጹልኝ ተነስቼ ስገምት የእርስዎ ችግር የአየር ማነስ ሳይሆን የአየር መብዛት ነው። ቱቦውን ካሰፉት ካቢኑ ይብስበታል።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። እነዚህ አውሮፕላኖች የተለየ ማሞቂያ ምድጃ የላቸውም። በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ ከቀጭን ላሜራ የተሠራ ሽፋን ይታሰራል፤ ማፍ ይሉታል። ከሲሊንደሮቹ በላይ ካለው፣ ግፊቱ ከፍ ካለው ክፍል ቀዝቃዛ አየር ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከኋለኛው ባፍል (የማቀዝቀዣውን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚመራው ላሜራ) ላይ ነው፣ በ2 ኢንች ቱቦ። አየሩ በጋለው ቱቦና በላሜራው መካከል አልፎ ይሞቅና ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ላይ ወዳለው ሳጥን ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ክዳን አለ። የማሞቂያውን እጀታ ሲስቡት አየሩ ወደ ካቢን ይገባል። ሲዘጉት ደግሞ ወደ ታችኛው የካውሊንግ (የሞተሩ ሽፋን) ክፍል ይደፋል።

ማፉ ትንሽ ነው። የአርቪ ጭስ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ማርሚታ የለውም፤ ባዶ ቱቦ ነው። አየሩ ሊነካው የሚችለው ትኩስ ብረት ጥቂት ነው። ሴስና 172 በብርድ ቀን የተሻለ የሚሞቀው አንዱ ምክንያት ሙቀቱን የሚወስደው ሰፊ ገላ ካለው ማርሚታ ላይ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የወሰድኳቸው። ውጭው -10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። እርስዎ ካቢኑ 18 እንዲሆን ይፈልጋሉ። አየሩ ከማፉ በ60 ዲግሪ ይወጣል። ከ-10 እስከ 18 ያለው 28 ዲግሪ፣ ገቢውን አየር ራሱን ካቢኑ ደረጃ ላይ ለማድረስ ብቻ ያልቃል። ሰዎቹን የሚያሞቀው ከ18 በላይ ያለው 42 ዲግሪ ነው።

አሁን የአየሩን መጠን እጥፍ ያድርጉት። ማፉ ያው ማፍ ነው። አየሩ ቶሎ ስለሚያልፍ በ30 ዲግሪ ይወጣል እንበል። ከ18 በላይ የሚተርፈው 12 ነው። አየሩ እጥፍ ስለሆነ 24 ብለው ይቁጠሩት። ከ42 ወደ 24 ወረደ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ማፉ ከጭስ ማውጫው የወሰደው ጠቅላላ ሙቀት ጨምሯል፤ በዚሁ ሂሳብ ከ70 ወደ 80 ወጥቷል። ትርፉ ግን የገባውን የውጭ ብርድ ለማሞቅ ሄደ። ንፋሱ በረታ፣ ሰዎቹ በረዱ። እርስዎ የጻፉልኝ ልክ ይህንኑ ነው።

ይህ ማለት አየሩን አንቀው ይያዙት ማለት አይደለም። ጨርሰው ካነሱት እግር የሚያቃጥል፣ ካቢኑን ግን የማይሞላ ጭል ጭል የሚል ትንፋሽ ይቀርዎታል። መካከል ላይ ጥሩ ቦታ አለ። እሱን መፈለግ ነው ሥራው።

ዴንቨር መሆንዎ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከፍታ በጨመረ በየ1,000 ጫማው አየሩ በአማካይ 2 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የዴንቨሩ ሴንቴኒያል ኤርፖርት ራሱ 5,900 ጫማ ገደማ ላይ ነው። መሬት ላይ 0 ዲግሪ ከሆነ፣ ተራሮቹን ለመሻገር 11,500 ጫማ ላይ ሲደርሱ ውጭው -11 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ማስተካከያውን እዚያ ከፍታ ላይ ለክተው እንጂ መሬት ላይ ቆመው አይፍረዱ።

ግን አንድም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት የማልደራደርበት ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ። የሚተነፍሱት አየር ከጭስ ማውጫው የሚለየው በአንድ ቀጭን ብረት ብቻ ነው። ያ ብረት ከተሰነጠቀ ጋዙ ቀጥ ብሎ ወደ እግርዎ ይመጣል። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ስለተኛ ሰው ያልሰማ የለም። ያው ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ኦክስጅን ቀድሞውኑ በሳሳበት 11,500 ጫማ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል።

ጥር 2019 እ.ኤ.አ. እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ የሞተበትን አደጋ ያስታውሱ ይሆናል። አውሮፕላኑ ፋብሪካ የሠራው ፓይፐር ማሊቡ ነበር። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በሳላ ደም ውስጥ ያገኙት በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘ ሄሞግሎቢን 58 በመቶ ነበር። አብራሪውም በጋዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ብለው ደመደሙ። አውሮፕላኑ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ጠቋሚ አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፅ የሚያሰማ፣ ቁጥር የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ ጠቋሚ ይግዙ። ለአቪዬሽን የተሠራውን። ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አይሆንም። የአሜሪካ ደረጃ ለቤት ጠቋሚ 70 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን ክፍል 70ው ጋዝ ሲሆን) ላይ ከ60 እስከ 240 ደቂቃ ባለው ጊዜ እንዲጮህ ነው የሚጠይቀው። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ሊልዎት ይችላል ማለት ነው። ቀለሙን የሚቀይረው ርካሽ ካርድም ያረጃል፣ ደግሞም ካላዩት አይጠራዎትም።

ቀጥሎ ማፉን አውልቀው የጭስ ማውጫ ቱቦውን ይመርምሩ። ይህን በየዓመቱ ማድረግ ግዴታ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን ስለገዙ ዛሬውኑ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። የብየዳ መስመሮቹን በባትሪ ይዩ። ደብዛዛ ግራጫ ወይም ጥላሸት የመሰለ ጭረት ካዩ ጋዝ እያመለጠ ነው። ስንጥቅ ሲያገኙ በእርሳስ አያክብቡት። ቱቦው ሲግል የእርሳሱ ካርቦን ወደ ብረቱ ገብቶ ራሱ ስንጥቅ ይፈጥራል። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ አንዱን የጭስ መውጫ ጫፍ ይድፈኑ። በሌላው በኩል የቫኪዩም ክሊነር መንፊያ አስገብተው በቀስታ ይንፉ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይም የሳሙና ውሃ ይርጩ። ከዚያ ጫፎቹን አቀያይረው ይድገሙት፤ ሁለቱ ቱቦዎች ላይገናኙ ይችላሉ። ማፉ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አንድም አረፋ መታየት የለበትም። ታየ? እንግዲያው ማሞቂያው ቱቦው እስኪጠገን ድረስ አይከፈትም።

ቱቦው ደህና ከሆነ ወደ አየሩ እንመለስ።

መለኪያ ያስፈልግዎታል። ሽቦ ያለው ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። አንዱን ጫፍ ፋየርዎሉ ላይ አየሩ በሚገባበት አፍ፣ ሌላውን በመቀመጫዎቹ መካከል በደረት ከፍታ ያስሩት። አንድ ከፍታ፣ አንድ የሞተር ኃይል ይምረጡ። ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። የውጭውን፣ የአፉንና የካቢኑን ሙቀት ይጻፉ። የሲሊንደሮቹንና የዘይቱንም አብረው ይጻፉ፤ በኋላ ይጠቅሙዎታል። በአንድ በረራ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይረው ቢሻሻል የትኛው እንደሠራ አያውቁም።

የመጀመሪያው ለውጥ በጣም ቀላል ነው። ከባፍሉ ላይ ቱቦው በሚነሳበት ፍላንጅ (ማሰሪያ ከንፈር) ስር የምትገባ ክብ የአሉሚኒየም ላሜራ ይቁረጡ። መሃሏ ላይ 1¼ ኢንች ቀዳዳ ይብሱ። የ2 ኢንቹን ቱቦ ስፋት ወደ 39 በመቶ ታወርደዋለች። በርረው ይለኩ። የአፉ ሙቀት ከፍ ብሎ ካቢኑም ከሞቀ መንገዱ ትክክል ነው። ከዚያ 1 ኢንች ይሞክሩ፤ ያ 25 በመቶ ነው። የአፉ ሙቀት እየጨመረ ካቢኑ መቀዝቀዝ ከጀመረ አልፈውታል፤ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ይመለሱ። ከ1 ኢንች በታች እንዲወርዱ አልመክርም፤ ምክንያቱን ሰመርን ሳነሳ እነግርዎታለሁ።

ማነቆውን መግቢያው ላይ የማደርገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ካውሊንጉ ሲነሳ ከላይ በእጅ ይደረስበታል። ሁለተኛ፣ ያ 2 ኢንች ቱቦ ከሲሊንደሮቹ የሚሰርቀውን አየር ይመልስላቸዋል። ቱቦው ማሞቂያው ተዘግቶም አየሩን ሲሊንደሮቹን ሳይነካ ወደ ታች ይደፋዋል። የሲሊንደር ሙቀት ሲያስቸግራቸው የኖሩ ሰዎች ይህችን ላሜራ አስገብተው ጥቂት ዲግሪ እፎይታ ማግኘታቸው የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ማፉን ራሱን ማጎበዝ ነው። አየሩ ባዶ ክፍተት ውስጥ ተንሸራቶ ሲያልፍ ከብረቱ ጋር የሚነካካው ጥቂቱ ብቻ ነው። እንዲንገዋለል ማድረግ አለብን። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ረጅም ቀጭን ሞላ ገዝተው በቱቦው ዙሪያ አላልተው ይጠምጥሙት፤ የማፉን ላሜራ መልሰው ይሰሩበት። አንዳንዱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይጠቀጥቃል። እሱም ይሠራል፤ እኔ ግን ሞላውን እመርጣለሁ። ሽቦው ሲጠቀጠቅ አየሩን ያፍነዋል፣ እየተበጣጠሰም ወደ ክዳኑ ይሄዳል። ተራው የብረት ሱፍ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ይዝጋል፣ ይቃጠላልም። የትኛውንም ቢያስገቡ በየዓመቱ አውጥተው ከሥሩ ያለውን ብረት ማየት አለብዎት። ሞላው በንዝረት አንድ ቦታ ላይ ቱቦውን እየፈገፈገ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ።

አሁን ወደ ማጅራትዎ። ያ ብርድ ከማሞቂያው ጋር ግንኙነት የለውም። በበረራ ላይ የአርቪ ካቢን ግፊት ብዙ ጊዜ ከውጭው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አየር ከጅራቱ በኩል ወደ ፊት ይሳባል፤ በሻንጣ ቦታው ግድግዳ ቀዳዳዎች አልፎ ከኋላ ይመታል። የኤለቬተሩ (የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ በጎን ደግሞ የኤለሮኖቹና የፍላፖቹ (የክንፎቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ዘንጎች የሚወጡባቸው ክፍተቶች ዋነኞቹ መግቢያዎች ናቸው። መሬት ላይ አያገኟቸውም፤ ንፋስ የለማ። ሰው ይዘው ይብረሩ፣ እርስዎ አውሮፕላኑን ብቻ ያብርሩ። ሌላው ሰው አጭር የሱፍ ክር በዱላ ጫፍ አስሮ ክፍተቶቹን እየዞረ ያሳይ። ክሩ የሚወዛወዝበትን ይመዝግብ።

እነዚህን በጨርቅ ወይም በቆዳ ከረጢት ይሸፍኗቸው። ዘንጉ ሙሉ እንቅስቃሴውን ሳይያዝ ማድረጉን እስከ ጥግ እየወሰዱ ያረጋግጡ። ይህን ሥራ የምወደው ሁለት ስለሚያተርፍ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ሆዱን ታኮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በእነዚሁ ቀዳዳዎችም ወደ ውስጥ ይሳባል። ማፉ ንጹሕ ሆኖ ጠቋሚው ቁጥር ካሳየዎት መጀመሪያ የምጠረጥረው እነሱን ነው።

የሰመሩ ትኩሳት ምክንያቱ ክዳኑ ነው። ይህን በቅርብ ይዩት። ማሞቂያውን ልዝጋ ብለው እጀታውን ይገፋሉ። እጀታው ፓነሉን ነክቶ ቆመ፤ እርስዎ ተዘጋ ብለው አመኑ። ካውሊንጉን አንስተው ሲያዩት ግን ክዳኑ ገና ጥቂት ሚሊሜትር ክፍት ነው። ኬብሉ አጠረ እንጂ ክዳኑ አልተበላሸም። የክዳኑ ክንድ ላይ ያለውን የኬብል ማሰሪያ ብሎን ያላሉ። ክዳኑን በጣት ጥርቅም አድርገው ይዝጉ። እጀታውን ከፓነሉ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ራስዎ ይሳቡና እንደያዙት ብሎኑን ያጥብቁ። ከእንግዲህ ክዳኑ ሲዘጋ እጀታው ፓነሉን አይነካም፤ የሚያቆመው ክዳኑ ራሱ ነው። ሲከፈትም እስከ መጨረሻው መድረሱን ይዩ። ከዚያ ሃንጋሩን አጨልመው፣ አንድ ሰው በሞተሩ በኩል ሳጥኑ ላይ ባትሪ ያብራ። እርስዎ ከካቢን ሆነው ይመልከቱ። በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን ካዩ አየርም ያልፋል።

እግረ መንገድዎን ሳጥኑ ከምን እንደተሠራ ይዩ። አሉሚኒየም ከሆነ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ይቀይሩት። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የፋብሪካ አውሮፕላን ፋየርዎል የሚፈተነው በ1,093 ዲግሪ ነበልባል ለ15 ደቂቃ ነው። በቤት ለተሠራ አውሮፕላን ደንቡ አያስገድድም፤ እሳቱ ግን ያው እሳት ነው፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ 2 ኢንች ነው፣ በእግሮችዎ መካከል።

በሰመር ማፉን ደፍነው ለመገላገል እንዳያስቡ። ውስጡ አየር ካልተንቀሳቀሰ ቱቦው ከልክ በላይ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከ1 ኢንች በታች አይውረዱ ያልኩት ለዚህ ነው። ወይ አየሩ ይሂድ፣ ወይ ማፉ ጨርሶ ይውለቅ።

የባለቤትዎ ጉልበት ይቀራል። ከፋየርዎሉ የሚገባው አየር መሃል ላይ ካለው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የአንዱን ቁርጭምጭሚት እየመታ። ከቀዳዳው ፊት ለሁለት የሚከፍል የታጠፈ ላሜራ ያድርጉ፤ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይሂድ። ግን ትኩሱን አየር ወዴት እንደሚልኩት ያስተውሉ። አርቪ ላይ ከፋየርዎሉ ጀርባ፣ ወለሉ መሃል ላይ የነዳጅ ፓምፕና የነዳጅ መስመር ያልፋሉ። ነዳጅ ከሞቀ በመስመሩ ውስጥ ተንኖ ፍሰቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ፔዳሎቹ ላይ ያሉት የፍሬን መስመሮች ፕላስቲክ ከሆኑም ትኩስ አየር ፊት መቆም የለባቸውም።

ሥራውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ለዓመታዊው ፍተሻ ግን ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልግዎታል፤ ለምሳሌ ኤ ኤንድ ፒ (የአውሮፕላን አካልና ሞተር) መካኒክ ወይም የሪፔርማን (የጠጋኝ) ፈቃድ ያለው የመጀመሪያው ሠሪ። ማፉ ውስጥ ሞላ መጨመርዎን በሎግ ቡኩ ይጻፉ፤ የሚፈትሸው ሰው አውልቆ እንዲያየው።

በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ጠቋሚው፣ ቱቦው፣ ቀዳዳዎቹ፣ ክዳኑ፣ ላሜራዋ፣ ሞላው። ቀዳዳዎቹን ሳይደፍኑ ላሜራዋን ቢሞክሩ ከኋላ የሚገባው ብርድ ልኬትዎን ያበላሸዋል። ሁሉንም አድርገው በ-11 ዲግሪ ካቢኑ አሁንም ከ10 በላይ አልወጣ ካለ፣ ሁለተኛ ማፍ በሌላኛው የጭስ ቱቦ ላይ ይጨምሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አያገናኟቸው፤ ያ መልሶ ብዙ ለብ ያለ አየር ይሰጥዎታል። ከመጀመሪያው የወጣው አየር ወደ ሁለተኛው ይግባ፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ። ያኔ ላሜራዋ ላይ ያለውን ቀዳዳ እንደገና ወደ 1¼ ኢንች አስፍተው ይለኩ። አየሩ የሚነካው ብረት ስለጨመረ ጥሩው ቦታ ወደ ሰፊው ይሄዳል።